ሲኒ በወግዲ ደጋ

ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል በሚመለከተው በወግዲ ደጋ፣ እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፣ ቡና የሚጠጣበት እጀታ አልባ ጽዋ ሁለት ስም አለው፤ ሲኒ ይባላል፣ ፍንጃልም ይባላል። ሁለቱም ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ፍንጃል የዕቃውን ዓይነት ሲናገር፣ ሲኒ ግን የትውልድ አገሩን ይመሰክራል፤ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነውና። እናት ልጇን «ሲኒውን አቅርቢ» ባለች ቁጥር፣ ሳታስበው የረጅም ዘመን ንግድን ስም ትጠራለች።

የቻይና ሸክላ ወደ አፍሪካ ቀንድ የደረሰው ቡና በደጋው ከመለመዱ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በዘይላ ወደብና ከዚያ ወደ ውስጥ በሚገኙት የፈረሱ የእስልምና ከተሞች፣ በሰማያዊ ቀለም የተጌጠ ነጭ ሸክላና አረንጓዴ ቅብ ያለው ስባሪ ተገኝቷል። ያ ግን የባለጸጋ ዕቃ ነበር፤ ገበሬው የሚጠጣው በቀንድ ዋንጫና በቅል ነበር። ሲኒ የተራው ሰው ቤት የገባው ቡናን ተከትሎ ነው። ቡና ደግሞ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ይነወር ስለ ነበር፣ በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች ጉርብትናና ጋብቻ በተጋሩበት በወሎ ይህ አጥር ቀድሞ ሳይላላ አልቀረም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የውጭ አገር ፋብሪካ ዕቃ መንገዱ ቀለለለት፤ ወደ ገደላማው ደጋ ግን የሚያደርሰው አጋሰስ ነበር።

ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ሳይሰበር የደረሰ ሲኒ በአጣቢ እጅ ቢሰበር ቁጭቱ ይብሳል። የአያያዙ ወግ የመጣውም ከዚህ ነው። ሲኒ ከብረት ድስት ጋር አብሮ አይታጠብም፤ ለብቻው፣ አንድ በአንድ፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ልጅቱ ታለቀልቀዋለች። ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በሙቅ ውሃ ማለቅለቅም ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ይህ ሸክላ 1300 ዲግሪ ግድም በሚደርስ እሳት የተተኮሰ ቢሆንም፣ ቀዝቅዞ ሳለ የፈላ ነገር ሲደፋበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቡና የሚተወውን እድፍ የሚያነሣው አመድ ነበር፤ ያውም በወንፊት የተነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚታሽ። ያልተነፋ አመድና አሸዋ ግን ይጭራሉ። ጉዳታቸው የሚታየው በወርቃማው ጠርዝ ላይ ነው። ሰማያዊው ሥዕል ከመስተዋታማው ቅብ በታች ስለሚሣል ፍትጊያ አይደርስበትም፤ ወርቁ ግን ከቅቡ በላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት የሚጣበቅ ነውና ቀስ በቀስ ይለቃል። የሽቦ መፈተጊያ ከመጣ ወዲህ ደግሞ እሱም ወርቁን ይፍቃል። ብዙ የሠርግ ስጦታ ወርቁን አጥቶ ነጭ የቀረው በቸልታ ሳይሆን፣ ንጽሕና ባበዛች ባለሙያ እጅ ነው።

ለሐዘን ወይም ለሠርግ ለጎረቤት የሚዋስ ሲኒ ከሌላው ቤት ሲኒ ጋር እንዳይለዋወጥ በሥሩ የቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ሲወጣም ሲመለስም ይቆጠራል። አፉ የተሸረፈ ለእንግዳ አይቀርብም። አይጣልም ግን፤ ከረከቦቱ ዝቅ ብሎ የዕጣን ማስቀመጫ ይሆናል።