ወደ ቈላ የሚወርድ መንገደኛ ምን ይልበስ?

አገር ለማየት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስንቁንና የመንገዱን ወጪ አስቀድሞ ያሰላል፤ ስለ ልብሱ ግን የሚያስበው ብዙ ጊዜ ጓዙ ሊታሰር ሲል ነው። ያን ጊዜም ቢሆን «ምን ያምርብኛል?» ይላል እንጂ «የምሄድበት አገር አየር ምን ይፈልጋል?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ ስሕተት ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከጎንደር ወደ መተማ፥ ከመተማም ወደ ስናር የሚወስደውን የጥንት መንገድ ታሪክ የመረመረ ሰው፥ ልብስና ጫማ መንገደኛን ሊረዱትም ሊጥሉትም እንደሚችሉ ይገነዘባል።

አስቀድመን የቦታውን ጠባይ እንመልከት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ መተማ ዮሐንስ ግን የምትገኘው በ700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መንገደኛው በጭልጋ በኩል ሲያልፍ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ቍልቍለቱን ወርዶ ሸኸዲን ሲያልፍ ግን ያው ጋቢ ሸክም ይሆንበታል። በሚያዝያ ወር የቈላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን አለ። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ገና ድንበሩን ሳይሻገር የሁለት አገር ልብስ ያስፈልገዋል።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጕዳይ ወደ መተማ የወረድሁት ወፍራም የሱፍ ልብስና ጠባብ ጫማ አድርጌ ነበር። ባለሥልጣን መምሰል እንጂ መንገደኛ መምሰል አልፈለግሁም። ከቀትር በኋላ እግሬ አብጦ፥ ልብሴ በላብ ርሶ ከአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ስቀመጥ፥ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አይተውኝ «ልጄ፥ ይህን ልብስ የሰጠህ ሰው ጠላትህ ነው ወይ?» አሉኝ። «አይደለም፥ አባቴ፤ ራሴ የገዛሁት ነው» ብላቸው ሣቁና «እንግዲያውስ መጀመሪያ ከራስህ ጋራ ታረቅ» ሲሉ መለሱልኝ። የቀድሞዎቹን መንገደኞች ታሪክ ለመመርመር ያነሣሣኝ ይህ የሽማግሌው ቃል ነው።

ሻርል ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ፥ በስናር በኩል አልፎ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከርሱ ጋራ ብሬቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ ነበረ። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባርረው ስለ ነበር ቄሱ የሐኪሙን አገልጋይ መስሎ ተጓዘ። ሆኖም ጎንደር ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው በመንገድ ታሞ ሞተ። ከዚህ የምንማረው፥ ሰው ልብስ ለውጦ ከሰው ዓይን ሊሰወር ቢችልም ከመንገድ ድካምና ከበሽታ ሊሰወር አለመቻሉን ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ አካባቢ ባለው በራስ ኤል ፊል በኩል ወደ ስናር ወረደ። ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ያገሩን ሰው ልብስ ለብሶ የኖረ፥ የሰውን ልማድ ማክበር የሚያውቅ ሰው ነበር። ቢሆንም ከስናር አልፎ የኑብያን በረሓ ሲያቋርጥ ጫማው በደረቁ መሬት ላይ አልቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እግሩም በሚያቃጥለው አሸዋ ቈስሎ አበጠ። ግመሎቹም ስለ ደከሙ ጓዙን በበረሓ ጥሎ በ1765 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ አስዋን ደረሰ፤ የጣለውንም በኋላ ልኮ አስመጣ። በዚያች ሰዓት ለርሱ ከደከመበት መጽሐፍና ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ አንድ ጥሩ ጫማ ይበልጥበት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ከእነዚህ ሁሉ በልብስ ነገር ብልኅ ሆኖ የሚታየው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋራ በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ ሲያድን ቈይቶ በ1854 ዓ.ም. ወደ መተማ ገበያ መጣ። ልብሱ ያገሩ ሱፍ አልነበረም፤ በግራር ፍሬ ቡናማ ቀለም የተነከረ ጥጥ ነበር እንጂ። ይህ ልብስ ከቍጥቋጦው መልክ ጋራ የሚስማማ፥ ለሙቀትም የሚመች ነበር። ቀለሙን ከቦታው ዛፍ፥ ጨርቁን ከቦታው አየር ጋራ ማስማማቱ ከመኰነን ልብስ የበለጠ ጠቀመው።

የጥጥን ነገር ካነሣን፥ ደገኛው የሚኰራበት ነጭ ሸማ ራሱ ከቈላው ጋራ የጠበቀ ዝምድና እንዳለው ማስታወስ ይገባል። በዚህ ምዕራባዊ ቈላ የበቀለው ጥጥ ወደ ደጋ እየወጣ በጎንደር ይፈተል፥ በእስላሞችና በቤተ እስራኤል ሸማኔዎች እጅ ይሸመን ነበር። እንግዲህ ቈላውን በሱፍ ልብስ የሚጐበኝ ሰው አገሩ የሰጠውን ትቶ የሚያቃጥለውን መረጠ ማለት ነው።

ልብስ ከምቾት በላይ ማን መሆንንም ይናገራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቈስለው ባለፉበት፥ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ጦርነት፥ የማሕዲ ወታደሮች የሚታወቁት ጥገኛ በተሰፋበት ጅባ ነበር። ጥገኛው በመጀመሪያ የድኽነትና የዓለምን ክብር የመናቅ ምልክት ሲሆን፥ በኋላ ግን የሠራዊት ልብስ ሆነ። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን አገር ጐብኚ በድንበር አካባቢ የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር ባይለብስ ይሻላል፤ ሰው የሚያውቀው አስቀድሞ በልብሱ ነውና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር ይህ ነው። ለቈላ ሰፊና ቀላል የጥጥ ልብስ ይመረጣል፤ በገላና በጨርቁ መካከል ነፋስ ሲያልፍ ላብ ይደርቃል፥ ላብ ሲደርቅም ገላ ይቀዘቅዛል። የሱዳን ሰዎች ጀለቢያና ጥምጥም የሚለብሱት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እጅጌው ረዥም ይሁን፤ በመተማና በሑመራ ቈላ ወባ ከሚያስተላልፈው ትንኝ ሌላ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣ የአሸዋ ዝንብ አለ፤ ሁለቱም የሚነክሱት ይልቁንም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ጫማው አስቀድሞ በቤት የተለመደና እግር የማያጣብቅ ይሁን፤ በክረምት ጥቍሩ መሬት ጭቃ ሲሆን ከጫማ ጋራ እየተጣበቀ ያከብደዋልና። ባርኔጣና ለደጋው ሌሊት አንድ ጋቢ አይቅር። በእስላም አገር ትከሻንና ጕልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስም ለባለአገሩ ክብር መስጠት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ በመተማ በር ብዙ ሰዎች ወደ አገራችን ተሰድደው ገብተዋል፤ ከእነርሱም የለበሱትን ብቻ ይዘው የተሻገሩ አሉ። ልብሱን መርጦ፥ ቀኑን ቈርጦ ለመዝናናት የሚጓዝ ሰው ምን ያህል ዕድለኛ እንደ ሆነ ከዚህ ሊማር ይገባዋል። ስለዚህ ጓዙን ሲያስር ኵራቱን በቤቱ ይተው፤ የሚሄድበትን አገር ሰው ይጠይቅ፤ አየሩ የሚፈቅድለትን ይልበስ። እንዲህ ያደረገ ሰው በመንገድ የሚያየው የራሱን እግር ቍስል ሳይሆን የሚጐበኘውን አገር ይሆናል።