በግራ ግሪን ሌንስ፣ በቀኝ ብራውንስውድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፈተና ነው። ተፈታኙ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ዘመድም ሀብትም አያሳልፈውም። ለፈተናው ግን ሦስት አራት ዓመት ይለፋል፣ ከጀመሩትም ብዙው ሳይጨርስ ይቀራል። ሕክምና መሰላችሁ? ሕግ መሰላችሁ? የለም! ከተማው ለንደን ነው፣ ሥራው ታክሲ መንዳት። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው የምነግራችሁ፤ ኋላ እንዳትደናገሩ።)

ፈተናውን «ዘ ኖውሌጅ» ይሉታል፤ ከ1865 ጀምሮ የነበረ ነው። ያን ጊዜ ታክሲ ማለት ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ነበር። ፈረሱ በሞተር ተተካ፤ አሁን ደግሞ ሞተሩ በባትሪ እየተተካ ነው። ፈተናው ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሀል ለንደን ቻሪንግ ክሮስ ላይ ቁሙና በየአቅጣጫው ስድስት ስድስት ማይል ለኩ፤ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ክብ ውስጥ 25,000 ያህል መንገዶች አሉ። ተፈታኙ እነዚህን በቃሉ ይይዛል። ሆስፒታሉን፣ ቲያትር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ኤምባሲውን፣ ሐውልቱን ሳይቀር ይጨምርበታል። መማሪያው ሰማያዊው መጽሐፍ ነው፤ 320 ጉዞዎች ተዘርዝረውበታል። የመጀመሪያው ጉዞ ከማኖር ሃውስ ጣቢያ ተነሥቶ ጊብሰን ስኩዌር ይደርሳል። የለንደን ባለታክሲ፣ ጡረታ የወጣው እንኳ፣ ይህችን ጉዞ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የሚወጣት፦ በግራ ግሪን ሌንስ፣ በቀኝ ብራውንስውድ ሮድ፣ በግራ ብላክስቶክ ሮድ፣ ቀጥታ ሃይበሪ ፓርክ፣ እያለ እስከ መጨረሻው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ አይገባም። ተፈታኙ ትንሽ ሞተር ሳይክል ይገዛል፤ መሪው ላይ ካርታ የተቆነጠጠባት ሰሌዳ ያስራል፤ ከዚያ በዝናብ በጭጋግ ከተማውን ሲያስስ ይውላል። የጉዞው መነሻና መድረሻ ጋ ሲደርስ ደግሞ ወርዶ ሩብ ማይል ዙሪያውን ይቃኛል፤ በርም ቅያስም አያመልጠውም። ማታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቁን ካርታ ሰቅሎ ከመነሻው እስከ መድረሻው ክር ይወጥራል። መንገዱ ከክሩ የራቀ እንደሆነ ተሳፋሪውን ያለ አግባብ አስከፍሏል ማለት ነውና እንደገና ይሠራዋል። ሥራ ውሎ መጥቶ፣ ልጆች ሲተኙ ይህን የሚያደርግ አባወራ ስንቱ ነው!

የቃል ፈተናው ቀን ሱፍ ይለበሳል፣ ክራቫት ይታሰራል። ፈታኙ ከጠረጴዛው ባሻገር ካርታውን ይዞ ተቀምጧል፤ ተፈታኙ ፊት ለፊት ባዶ እጁን።

«ይቀመጡ። ከዚህ ሆቴል እዚያ ቲያትር ቤት ያድርሱኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

በመጀመሪያ ሆቴሉ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎ ቲያትር ቤቱን፣ ከዚያ መንገዱን አንድ በአንድ ይጠራል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበትን ጎዳና ተቃራኒ ከገባ ነጥቡ ሄደ። ወደ ቀኝ መታጠፍ የተከለከለበትን መስቀለኛ ከረሳ ነጥቡ ሄደ። ቀጠሮው በመጀመሪያ በየ56 ቀኑ ነው፤ እየበረታ ሲሄድ በየ28 ቀኑ፣ በመጨረሻ በየ21 ቀኑ ይሆናል። ደጋግሞ የወደቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያለፈ ግን አረንጓዴ ባጅ አንገቱ ላይ ያጠልቃል፣ መላ ለንደንን ይሠራል።

የአንጎል ተመራማሪዋ ኤሊኖር ማጓየር በዚህ ነገር ተገርማ እነዚህን ሰዎች በ2000 መርምራለች። ቦታ የምናስታውስበት የአንጎል ክፍል የኋለኛው ጫፉ ባለታክሲዎቹ ላይ ከሌላው ሰው ሰፍቶ አገኘችው። «ሲፈጠሩ እንዲያ ቢሆኑስ?» ለሚለው ጥያቄ 79 ተፈታኞችን ከመጀመሪያው ጀምራ ተከታተለች። 39ኙ አለፉ፤ ለውጡም የታየው ባለፉት ላይ ነው። ውጤቱ በ2011 ወጣ።

አሁን ተሳፋሪ ሁኑና አስቡት። ሌሊት ነው፣ ይዘንባል፣ ከተማውን አታውቁትም፣ ስልካችሁ ባትሪ ጨርሷል። ጥቁሩ መኪና መብራቱን አብርቶ ሲመጣ እጃችሁን ታነሣላችሁ። ሾፌሩን አይታችሁት አታውቁም፤ ከተማው ግን ያውቀዋል። የወንጀል መዝገቡ ታይቷል፣ ጤናው ተመርምሯል፣ ቁጥሩ ተጽፏል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ከተማው በወሰነው ታሪፍ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ከነወንበሩ ይገባል። ጉዞው ከ12 ማይል የማይበልጥ ከሆነ «አያዋጣኝም» ብሎ ጥሏችሁ መሄድ አይችልም። አዲስ አበባ ውስጥ በላዳው መስኮት አጎንብሰን «ስንት ትወስደኛለህ?»፣ «አንተ ስንት ትከፍላለህ?» እየተባባልን በዝናብ የተከራከርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ሾፌሩስ ምን አገኘ? እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ባጁ የሱ ነው። አለቃ የለውም፣ በኩርፊያ የሚያባርረው የለም፣ ሲሻው ሌሊት ይሠራል፣ ሲሻው ቅዳሜን ያርፋል። ያለ ባንክ ብድር፣ ያለ ኮሌጅ፣ በጉልበቱና በአእምሮው ያፈራው ንብረት ነው። ከምሥራቅ ለንደን አይሁድ ስደተኞች ልጆች መሀል ጥቂት የማይባሉት ኑሯቸውን ያቃኑት በዚህ ነው። ሴቶቹ ግን ዛሬም እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያ የሙያው ነውር ሆኖ ቀርቷል።

በአጠገቡ ሌላ ሥራ ነበር፤ ሚኒካብ ይባላል። በስልክ ይጠራል እንጂ ከመንገድ ላይ ሰው አያነሣም። እስከ 1998ቱ ሕግ ድረስ ለንደን ውስጥ ሚኒካብ ለመሥራት የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር፤ መኪና ያለው ሁሉ ይገባል። መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ የሚያሳይ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። ሕጉ ወጥቶ ሥራ ላይ እስኪውልም ዓመታት ፈጅቷል።

በ2012 ኡበር መጣ። መንገዱን ስልኩ ይናገራል፣ ዋጋው ረከሰ፣ ሥራም ለብዙ አዲስ መጤ ተከፈተ፤ ይህን መካድ አይገባም። ፈቃድ ያላቸው የጥቁር ታክሲ ነጂዎች በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ25,000 ይበልጡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 17,000 ግድም ወርደዋል። «ጂፒኤስ እያለ አራት ዓመት ምን ያለፋል?» የሚለውም ጥያቄ ሞኝነት የለበትም። እንደኔ ከሆነ ፈተናው ማጠር ይችላል፤ የሚጠራው መንገድ ቢቀነስ ማንም አይጠፋም። ሾፌሩ ማን እንደሆነ ማረጋገጡ ግን በስልክ አይተካም። ለምን ብትሉ፣ በ2019 የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የኡበርን ፈቃድ አላድስም ሲል ያቀረበውን ምክንያት ስሙ፦ በአንዱ ሾፌር አካውንት ላይ ሌላው ፎቶውን እየለጠፈ ቢያንስ 14,000 ጉዞ ተደርጓል። ተሳፋሪው ስልኩን አየ፣ ፎቶው ከሾፌሩ ጋር ገጠመ፣ ገባ። ሰውዬው ግን የተፈቀደለት ሰው አይደለም። (ኩባንያው በኋላ በፍርድ ቤት ፈቃዱን መልሶ አግኝቷል።) ሾፌሮቹም በበኩላቸው በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልና ክፍያ ያለው ዕረፍት እንደሚገባቸው ለማስወሰን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው፤ በየካቲት 2021 ተፈረደላቸው። ፈቃዳቸው ከከተማው ነው፤ እንጀራቸው ግን በኩባንያው ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ከተዘጋባቸው ሥራም የለም።

ቆይ፣ ፈቃድ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ኒውዮርክ በ1937 የታክሲውን ብዛት በቁጥር ገደበች። እዚያ የሚያስፈልገው መኪናው ላይ የሚለጠፍ «ሜዳሊዮን» ነው፤ ቁጥሩ ስለተወሰነ እንደ ቦታ ካርታ ይሸጣል ይለወጣል። በ2014 የአንዱ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ስደተኛ ሾፌር ተበድሮ ገዛ። ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው እሱ ላይ ቀረ፤ በ2018 ሕይወታቸውን ያጠፉም ነበሩ። በ2021 ሾፌሮች በረሃብ አድማ ከተቀመጡ በኋላ ነው ከተማው ዕዳው እንዲቀነስ የተስማማው። ይህን ሥርዓት ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ለማምጣት በ2011 ረቂቅ ቀርቦ ነበር። እዚያ ታክሲ ከሚነዱት ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ከተቃወሙትም መሀል ነበሩበት፣ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ደግ አደረጉ። ለንደን የሰውን እውቀት ትፈትናለች፣ ያለፈ ሁሉ ይገባል። ኒውዮርክ ግን ወንበር ቆጥራ ሸጠች።

አንድ ነገር ደብቄ ብሄድ ግን ወሬዬ ጎዶሎ ነው። ጆን ዎርቦይስ የሚባል ሰው ነበር፤ ፈተናውን ያለፈ፣ ባጅ ያለው ጥቁር ታክሲ ነጂ። ሌሊት ያሳፈራቸውን ሴቶች መድኃኒት የተጨመረበት መጠጥ እየሰጠ ይደፍር ነበር፤ በ2009 ተፈረደበት። ያ ሁሉ ምርመራ እሱን አላስቆመውም። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ አንዷ በ2003፣ ሌላዋ በ2007 ለፖሊስ አመልክተው ነበር፤ ክሱ ግን በወጉ አልተጣራም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ፖሊስ መብታቸውን ጥሷል ብሎ ወሰነላቸው።

እንግዲህ ለንደን የምትሄዱ፣ የሾፌሩን የባጅ ቁጥር አንብቡ፤ አገር ቤትም ብትሆኑ ከመግባታችሁ በፊት ሰሌዳውን ያዙ፣ ፊቱንና ፎቶውን አስተያዩ። የበደላችሁ ካለ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ለፈቃድ ሰጪው ጻፉ። በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወገኖች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ክፈቱት።