መኪናን በዘንግ ላይ ስለ ማዟዟር



ሥጋን በብረት ዘንግ ሰክቶ በእሳት ፊት እያዟዟሩ መጥበስ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር የታወቀ ጥበብ ነው። ምሥጢሩም አንደኛው ጐን አርሮ ሌላው ጥሬ እንዳይቀር፥ ገጹ ሁሉ በተራ ወደ እሳቱ እንዲዞር ማድረግ ነው። ሥራው አድካሚ ስለ ነበረ በእንግሊዝ አገር በ16ኛው መቶ ዓመት ትንንሽ ውሾች በግድግዳ ላይ በተሰቀለ መንኰራኵር ውስጥ እየሮጡ ዘንጉን ያዞሩ ነበር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ከምድጃ የሚወጣው ትኩስ አየር ራሱ ዘንጉን የሚያዞርበትን መሣሪያ በሥዕል ነድፎ ትቶልናል። እንግሊዞች ከፈረንሳይኛ ወስደው ይህን መጥበሻ «ሮቲሰሪ» ይሉታል።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ጥብስ አይደለም፤ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች በየግቢያቸው ስለሚሠሩትና በዚሁ ስም ስለሚጠራው መሣሪያ ነው። አንድ ሙሉ የመኪና አካል በዘንግ ላይ ሆኖ እንደ ሙክት ሲዟዟር ያየ ሰው መሳቁ አይቀርም። ሆኖም መሣሪያው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቱንም የምናገኘው በመኪናው በራሱ ታሪክ ውስጥ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያው ዘመን መኪና ከሁለት ነገር የተገጠመ ነበረ። ከታች ሞተሩንና ጐማዎቹን የሚይዝ ወፍራም ብረት፥ ይኸውም ሻሲ የምንለው ነበረ፤ ከላይ ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት፥ ከእንጨትና ከላሜራ የተሠራ ሣጥን መሰል አካል ይጫንበታል። ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ እንዲህ ያለ ነበር። አካሉ ቢበሰብስ ቡሎኑን ፈትቶ ማንሣት፥ ሻሲውን ለብቻው ጠርጎ መቀባት፥ ሌላ አካልም መጫን ይቻላል። እንዲህ ያለውን መኪና ለማደስ ማዟዟሪያ ዘንግ አያሻም ነበር።

ይህን ልማድ ካፈረሱት ሰዎች አንዱ ኢጣሊያዊው ቪንቼንሶ ላንቻ ነው። በ1922 «ላምብዳ» የተባለውን መኪናውን በፓሪስ ትርኢት ሲያቀርብ፥ ሻሲና አካል መለያየታቸው ቀርቶ የብረቱ አካል ራሱ ሸክሙን ሁሉ ተሸካሚ ሆኖ ታየ። በ1934 የፈረንሳዩ ሲትሮየን ከብረት ላሜራ በብየዳ የተያያዘ አንድ ወጥ አካል ያለውን፥ በፊት ጐማዎቹ የሚጐተተውን መኪናውን በብዛት ማውጣት ጀመረ። ከዚያም በ1955 ዳንቴ ጃኮሳ የነደፈው ፊያት 600 መጣ። ይህ በታክሲነት የአዲስ አበባን ሕዝብ ለብዙ ዘመን ያመላለሰው፥ «ሰይቼንቶ» የምንለው ትንሹ መኪና ነው። (የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ያስተዋለ ሰው በስሙ አይደነቅም።) ክብደቱ 600 ኪሎ እንኳ የማይሞላው መኪና አራት ሰው የሚችለው፥ ላሜራው እየታጠፈና እየተበየደ እንደ ሣጥን ስለ ተያያዘ ነው።

ትርፉ ትልቅ ነበር፤ መኪናው ቀለለ፥ ዝቅ አለ፥ ዋጋውም ወረደ። ነገር ግን ቆዳው አጥንት ሆነ። ቀድሞ በወፍራም ብረት ይያዝ የነበረው ሸክም፥ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በማይበልጥ ላሜራ ላይ ወደቀ። ጭቃና ውኃ የሚያርፈውም በወለሉ ሥር፥ በጐማዎቹ ጓዳና ከበሮቹ ግርጌ ባሉት ክፍት ሣጥኖች ውስጥ ነውና ዝገቱ ዓይን ከማያየው ቦታ ይነሣል።

ፋብሪካዎቹም ይህን አላጡትም። በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር «ሮቶዲፕ» የተባለ ዘዴ ተሠርቶበታል፤ አዲሱን አካል በዘንግ ላይ ሰክተው፥ የዝገት መከላከያ ፈሳሽና የመጀመሪያ ቀለም በተሞሉ ገንዳዎች ውስጥ እያሽከረከሩ ያሳልፉት ነበር። ስለዚህ መኪናን በዘንግ ማዟዟር የጀመረው በአዳሾቹ ግቢ ሳይሆን፥ መኪናው ገና ሲወለድ ነው ማለት ይቻላል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን መኪናው የሚደርሰው በአንድ ባትላሜራ ሠራተኛ እጅ ነው። እርሱም ዘንግ ከሌለው በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ሲበይድ የእሳቱ ፍንጣሪ በአንገቱ ይገባል፤ የቀለጠውም ብረት ይንጠባጠባል እንጂ ደኅና አይያያዝም። በዚህ ሲሰለች ከላይ ስቱኮ ለጥፎ ይቀባዋል። ባለቤቱም ያማረ መኪና ተረከብሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ከበሩ ግርጌ ያለው ተሸካሚ ግን በቀለሙ ሥር መበስበሱን አያቆምም። በእኔ አስተያየት አሮጌ መኪናዎችን ከአደጋ ይልቅ የፈጀ ይህ ውብ ልባስ ነው።

የቤት ሥሪቱ ማዟዟሪያ እንግዲህ ይህን ድካም ለማስቀረት የተበጀ ነው። አራት ማዕዘን ከሆነ ቱቦላሬ ብረት ሁለት ቋሚዎች ይሠራሉ፤ ሰፊ እግርና መሽከርከሪያ ይደረግላቸዋል። አንዱ በፊት፥ ሌላው በኋላ ቆሞ፥ በራሱ ላይ ያለው አጭር ዘንግ የአካሉን የመከላከያ ማሠሪያ ቀዳዳዎች በቡሎን ይይዛል፤ ሁለቱንም ከታች ረጅም ብረት ያያይዛቸዋል። ሞተሩ፥ መስተዋቱና ወንበሮቹ አስቀድመው ይወጣሉ። ወለሉን ከመቁረጥ በፊት ደግሞ በበሮቹ ክፍት ላይ ድጋፍ ብረት መበየድ ግዴታ ነው፤ ይህ ካልሆነ አጥንቱ የተቆረጠው አካል መሐሉ ይጐብጣል፥ በሩም ዳግመኛ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዘንጉን ከፍታ ማግኘት ነው። ዘንጉ ከአካሉ የክብደት ማዕከል በላይ ከዋለ፥ አካሉ እንደ ሚዛን ተንጠልጥሎ ሆዱን ወደ መሬት ይመልሳል፤ ለማዞርም ብዙ ጕልበት ይጠይቃል። ከማዕከሉ በታች ከዋለ የባሰ ነው፤ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ በድንገት ተገልብጦ የሰው እጅ ይሰብራል። ስለዚህ ብልሆቹ ዘንጉ የሚያርፍበትን ቦታ ከፍና ዝቅ የሚል አድርገው ይሠሩታል፤ በክሪክ ጥቂት በጥቂት እያነሡም ይሞክሩታል። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ መላው አካል በአንድ እጅ ይዞራል፥ በተተወበትም ይቆማል። ያን ጊዜ በቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ችንካር ይታሰራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለበጥ ከየስርጓጉጡ ደረቅ ጭቃና የዝገት ቅርፊት ይዘንባል። ከዚያ በኋላ በያጁ ቀና ብሎ ቆሞ፥ ወለሉን እንደ ግድግዳ ከፊቱ አድርጎ ይሠራል። በመጨረሻም የዝገት መከላከያውን በተዘጉት ሣጥኖች ውስጥ አፍስሶ፥ ፈሳሹ ከማዕዘን ማዕዘን እስኪደርስ አካሉን ቀስ እያለ ያዟዙረዋል፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በገንዳቸው ላይ ያደርጉት እንደ ነበረው።