ከዛር ቤት እስከ ጉዱማሌ፦ የተቀዳ ድምፅ ጉዞ

የመስክ ቅጂ፣ ማለትም ከስቱዲዮ ውጭ የሚሰማን ድምፅ በሥፍራው መቅዳት፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥሬ ዕቃ የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 እ.ኤ.አ. የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ካቀናበረ ወዲህ ነው ቢባልም፣ ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ ከእርሱ 4 ዓመት ቀድሞ፣ በካይሮ በተካሄደ የዛር ሥርዓት ላይ የሰማውን ዜማ በሽቦ መቅጃ፣ ይኸውም ድምፅን በማግኔት ኃይል በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በሚያትም መሣሪያ ከቀዳ በኋላ፣ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያጫወተና መልሶ እየቀዳ የቀድሞ መልኩን ለውጦታል። ብዙ ተመራማሪዎች የዛርን መነሻ ከኢትዮጵያ ጋር ማያያዛቸውም ልብ ሊባል ይገባል።

ኤል-ዳብ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ ያተኮረው የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ በማገናኘቱ ላይ ነበር። ባህላዊ ድምፅን ከኮምፒውተር ቅንብር ጋር የማዋሐዱን ሥራ እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ወጣቶች የያዙት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የሚካኤል «ዘላለም» የወጣው በ2016 ነው።

ለእንዲህ ያለው ቅንብር የሚሆን ድምፅ በሐዋሳም ይገኛል፦ ዩኔስኮ በ2015 የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በሐይቁ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ሲከበር፣ ቄጣላ የተባለው የኅብረት ዜማ ከብዙ ሺህ እግር ምት ጋር አብሮ ይሰማል፤ ይህም ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከካይሮው ዛር የማያንስ ጥሬ ዕቃ ነው።