ከቡሄ እስከ መስቀል፦ የሕፃናት ስጦታ አመራረጥና የበዓል ሰሞን ጥንቃቄ

ከነሐሴ 13 ቀን እስከ መስከረም 17 ቀን ያለው 40 ቀን ገደማ የሚሆን ጊዜ ቡሄን፣ አሸንዳንና ሻደይን፣ ዘመን መለወጫንና መስቀልን በተከታታይ የሚያስተናግድ በመሆኑ በአገራችን ለሕፃናት የተለየ ሥፍራ አለው። ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል የሚቀበሉት፣ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ የሚሉት፣ በቀለም ያጌጡ ሥዕሎች ለጎረቤት የሚታደሉት በዚሁ ሰሞን ነው።

ይህ ወቅት የትምህርት መጀመሪያም በመሆኑ በተለይ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የበዓልና የትምህርት ቤት ወጪ በአንድ ላይ የሚደራረብበት ነው። በሌላ በኩል እሳት፣ የፈላ ዘይት፣ የወንዝ ሙላትና የሕዝብ ግርግር የሚበዙበት ጊዜ እንደመሆኑ መጠን ለልጆች የሚደረገው ጥንቃቄ ከስጦታው እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ስጦታው ምን ይሁን?

ለዘመን መለወጫ ከሚሰጡ ስጦታዎች መካከል በጥቅማቸው ቀዳሚ የሆኑት የትምህርት መሣሪያዎች ናቸው። ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ የቀለም እርሳስና ማስመሪያ በአንድነት ተጠቅልለው ሲሰጡ ልጁን ያስደስታሉ፤ ወላጅም በመስከረም የሚያወጣውን ወጪ ያቃልላሉ። የደብተር ቦርሳ ሲገዛ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ልጁ የሚሸከመው ዕቃ ከሰውነቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመከር በመሆኑ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ከሚሆን በላይ ሊሸከም አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት የተረት መጻሕፍት፣ ኳስ፣ የመዝለያ ገመድና ገበጣ ናቸው። ገበጣ ልጆች መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን እየተጫወቱ የሚለማመዱበት ሲሆን፣ ጠጠሮቹ ሊዋጡ ስለሚችሉ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም።

የበዓል ልብስ ሲመረጥ የጥጥ ልብስ ተመራጭ ነው። ሰው ሠራሽ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ጉዳቱን ያከፋዋል። የሴት ልጆች ነጠላና ሰፊ እጅጌ ያለው ቀሚስም በከሰል ምድጃና በሻማ አጠገብ በቀላሉ ሊያያዝ እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም።

መጫወቻ ሲገዛ የሚታይ

በአንድ መጫወቻ ላይ የሚነቀል ትንሽ አካል ካለ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይገዛም። በቤት ውስጥ ለመለካት የሶፍት ካርቶን ጥቅልል በቂ ነው፤ በጥቅልሉ ቀዳዳ የሚያልፍ ማናቸውም ነገር ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል። ያልተነፋና የፈነዳ ፊኛም እንዲሁ የመተንፈሻ ቱቦን ስለሚዘጋ ቁርጥራጩ ወዲያውኑ መነሳት አለበት።

ሙዚቃ በሚያሰሙና መብራት በሚያበሩ መጫወቻዎች ውስጥ የሚገኘው የቁልፍ ቅርጽ ያለው ክብ ባትሪ ልዩ ትኩረት ይሻል። ባትሪው ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ሊያቃጥል ስለሚችል የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆኑ ሲገዛ መረጋገጥ አለበት። ልጁ ባትሪ መዋጡ ከተጠረጠረ እንዲያስታውክ ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

በማድ ቤት

በበዓል ዋዜማ በአብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ሥራ በሚበዛበት ማድ ቤት ነው። የወጥ ድስት፣ የሚነጠር ቅቤና ጀበና ልጅ ሊደርስበት ከሚችል ቦታ መራቅ፣ የድስት እጀታም ወደ ውስጥ መዞር ይኖርበታል። ወለል ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ ሲደርቅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከከሰል ምድጃና ከሻማ መራቅ አለበት። ምጣድ፣ ምድጃና ካውያን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካትም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ሰውነቱ የተቃጠለ ልጅ የተጎዳው አካሉ በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹህ ውኃ ለ20 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም በረዶ ማድረግ ቁስሉን ያባብሳል።

ክረምቱ ገና ባለመውጣቱ በብርድ ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው በመሆኑ የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ስለሆኑ ምልክቱ የታየበትን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹህ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሰፈር ቅርጫ ሲዘጋጅ ልጆች ከእርዱ ቦታና ከቢላዋ እንዲርቁ ማድረግ፣ ጥሬ ሥጋም እንዳይመገቡ መጠበቅ ይገባል፤ በደንብ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ ለኮሶ ትል ያጋልጣል። ጠላና ጠጅን ለልጅ «ለቅምሻ» መስጠትም ጉዳት አለው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል።

ከቤት ውጭ

በቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ልጆች ተራርቀው ገላጣ ቦታ ላይ እንዲያጮኹ ማድረግ ተገቢ ነው። በጳጉሜን በዝናብና በወንዝ መታጠብ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ወንዞች ላይ ሌላ ሥፍራ በጣለ ዝናብ ድንገት የሚሞሉበት ጊዜ በመሆኑ ልጆች ብቻቸውን ወደ ወንዝ ዳር አደይ አበባ ለመልቀምም ሆነ ለመታጠብ መሄድ የለባቸውም።

ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች በቡድን ሆነው፣ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው፣ ከመጨለሙ በፊት ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይገባል። አሽከርካሪዎችም በእነዚህ ቀናት በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጠበቅባቸዋል።

በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በሰፈረው የመስቀል በዓል፣ መስከረም 16 ቀን በሚለኮሰው ደመራ ላይ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ እጅግ አደገኛ ነው። ደመራው የሚወድቅበት አቅጣጫ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ልጆች በሁሉም በኩል ራቅ ብለው መቆም አለባቸው። አመዱ በማግስቱም ፍም ሊኖርበት ይችላል። የርችት አጠቃቀምን በተመለከተ ፖሊስ በየበዓሉ የሚያወጣውን ክልከላ ማክበር ያስፈልጋል። ሕዝብ ወደሚበዛበት ሥፍራ ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በልጁ ኪስ ማኖርና ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድሞ መንገር ይኖርበታል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ለችግረኛ ልጆች ደብተርና ልብስ ያሰባስባሉ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ መንፈስ ሲታይ የድጋፉ ርክክብ የልጆቹን ክብር የጠበቀ ሊሆን ይገባል፤ ስጦታ የሚቀበል ልጅን ፎቶግራፍ አንስቶ ማሰራጨት በትምህርት ቤት ለመሸማቀቅ ሊዳርገው ይችላል። ድጋፉን በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ በኩል ማድረስ፣ የደብተሩን ዓይነትና ብዛትም ከክፍል ደረጃው ጋር ማጣጣም ተመራጭ አሠራር ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ አልፈጥርና ለአረፋ በዓላትም የሚያገለግሉ ናቸው። በአዲስ አበባ አደጋ ሲያጋጥም ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል። ቁጥሮቹ ከበዓሉ አስቀድሞ በየቤቱ ተጽፈው ልጆች ጭምር በሚያዩት ቦታ ቢለጠፉ ወላጅ በሌለበት ሰዓትም እርዳታ ለመጥራት ያስችላሉ።