ሁለት ቢጫ ካርዶችና አንድ ኑዛዜ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው ጎዳና ወሎ ሰፈርን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህም የሰፈራችን ሰው ከኦሊምፒክ ድል አድርገው የተመለሱ ጀግኖችን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ከበሩ ወጥቶ መንገድ ዳር መቆም ይበቃው ነበር። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን በዚህ ጎዳና ስላለፈ ሜዳሊያ አይደለም። በደስታችን መካከል ስለ ደረሰን አንድ መርዶ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። በርናርድ ፓርከር ለሀገሩ ቀድሞ አገባ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር ኳሷን በገዛ መረቡ ላይ አሳረፋት። የሰውነት ቢሻው ልጆች ነጥባቸውን 13 አደረሱ፤ ደቡብ አፍሪካ 8 ላይ ቆመ፤ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ የደርሶ መልስ ፍልሚያ ብቻ የቀረን መሰለን። የወሎ ሰፈር መንገድ በመኪና ጥሩምባና በባንዲራ ተሞላ።

በዚያው ዕለት ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ የዲሲፕሊን ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። በሁለት የተለያዩ የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ የአንድ ጨዋታ ቅጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ፣ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን ከሜዳዋ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ተሰልፎ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

በማግሥቱ በየቡና ቤቱ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ደቡብ አፍሪካ ናት የጠቆመችብን» የሚል ነበር። «ፊፋ ድሃ አገር አይወድም» የሚልም ነበር። «ለመሆኑ አንድ ተጫዋች ምን ለውጥ ያመጣል?» እያለ የሚሞግትም አልጠፋም። ስለ ቦትስዋና አንድ ቃል የተነፈሰ ግን አላጋጠመኝም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን እስቲ ገልብጠን እንየው። ቦትስዋና በቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች አሰልፋ አዲስ አበባ ላይ ብታሸንፈን ኖሮ ምን እንል ነበር? የቅጣት ሕግ የተሠራው ለተቀጪው ብቻ አይደለም። ካርድ ያየው ተጫዋች በሚቀርበት ቀን ተጋጣሚው የሚያገኘው መብትም አለው። ያንን መብት ከአንዲት ትንሽ አገር ወስደንባት ነበር፤ ሆን ብለን ባይሆንም ወስደንባት ነበር። ደግሞም የተቀጣነው ብቻችንን አልነበርንም። ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም በዚያው ማጣሪያ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በማሰለፋቸው ውጤታቸው ተሰርዟል። የፊፋ ጥላቻ ለብቻችን ተቆርጦ የተሰጠን አልነበረም ማለት ነው።

ካርድ የመቁጠር ግዴታ የየፌዴሬሽኑ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ደብተሩን የሚመለከት አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ እኛ የዘነጋነውን ወረቀቱ ይዞ ቆይቶ አወጣው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ግን ከዚያ በኋላ በሀገራችን እምብዛም ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ስህተቱ የራሱ መሆኑን በይፋ አመነ። ቅጣቱም መጣ፦ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፣ ሦስት ነጥብ አጣን፣ የገንዘብ መቀጮም ተጨመረ። ሰሚው ሁሉ በቁጣ ስለ ነበረ ኑዛዜው ከስድብ በቀር ምላሽ አላገኘም። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ኑዛዜው የመጣውም ከተደረሰበት በኋላ ነበር። ያም ሆኖ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል የመሥሪያ ቤት መግለጫ በየስንት ዓመቱ እንሰማለን? መብራት ሲጠፋ፣ ድልድይ ሲፈርስ፣ የሕዝብ ገንዘብ ሲባክን የምንሰማው ስለ «አንዳንድ ግለሰቦች» ወይም ስለ ውጭ ጠላት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ማለት ይጠቅማል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ልላክ አለች። ይድነቃቸው ተሰማን የመሳሰሉት የአፍሪካ እግር ኳስ መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ተጋጣሚ አጥታ በቀጥታ ፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ኋላም እነ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ የተረጋገጠ ቦታ ሊኖራት ይገባል ብለው ተሟገቱ፤ አህጉሪቱም እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ውድድር ትታ ወጣች። በ1970ው የዓለም ዋንጫ ያ ቦታ ተገኘ።

በ2005 ዓ.ም. ስንመኘው የነበረው የብራዚል ወንበር ስለ ፍትሐዊ ሕግ በተደረገ በዚያ ሙግት የተገኘ ነበር። ሕግ ይከበርልን ብለው የጮኹ ሰዎች ልጆች ሕጉ በእነርሱ ላይ ሲፈርድ ሴራ ነው ማለታቸው ለአባቶቻቸውም ክብር አይሆንም።

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ከመጀመሪያው ይሻላል። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን፣ በአገሯ በነበረው ሁከት ምክንያት በብራዛቪል፣ 2 ለ 1 አሸነፈ። እንደገና 13 ነጥብ ሞላን፤ የምድቡ አንደኛም ሆንን። ይህኛውን 13 ማንም ሊነጥቀን አይችልም ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ብራዚልም ሳንደርስ ቀረን። የተሸነፍነው ግን ሜዳ ላይ፣ በጎል ነው።

ያን እሑድ ወሎ ሰፈር ላይ የጨፈርነው ገና ላልጸዳ ውጤት ነበር። የጳጉሜኑ ድል ግን ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ የሆነውም ቀድሞ ጥፋቱን የተቀበለ ስለ ነበረ ነው። ይህን ከኳስ ሜዳ ተምረን ወደ ሌላው ጉዳያችን ብንወስደው ብዙ ነገር ይቃናልን ነበር።

ቸር ይግጠመን።