ገቢር ጥልቀት፦ የሶሌታ ፌሮ የሚቀመጥበት ከፍታ

ገቢር ጥልቀት በአርማታ ምህንድስና «ኢፌክቲቭ ዴፕዝ» ለሚባለው መለኪያ የቀረበ አቻ ሲሆን፣ ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት ከሚታመቀው ገጹ አንሥቶ ውጥረቱን እስከሚሸከመው ፌሮ መሐል ድረስ ያለውን ርቀት ያመለክታል። አርማታ መታመቅን በሚገባ ቢችልም ሲወጠር ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ውጥረቱ ለብረቱ ይተዋል፤ በዚህም ምክንያት የሶሌታው አቅም ሲሰላ ከጠቅላላ ውፍረቱ ይልቅ የሚታየው ይህ ርቀት ነው። ውፍረቱ 150 ሚሊሜትር በሆነ፣ ሽፋኑ ማለትም ብረቱን ከዝገትና ከእሳት የሚከልለው የአርማታ ልባስ 20 ሚሊሜትር በሆነና ባለ 10 ሚሊሜትር ፌሮ በታሰረበት ሶሌታ ገቢር ጥልቀቱ 125 ሚሊሜትር ይሆናል።

በሁለት ቢሞች መካከል ሶሌታው ወደ ታች ስለሚረግብ ዋናው ፌሮ ከታች ይዘረጋል፤ በቢሞቹ አናት ላይ ግን ውጥረቱ ወደ ላይኛው ገጽ ስለሚዞር ፌሮውም አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ የሚወጣው በረንዳ ደግሞ ሕይወቱ በሙሉ በላይኛው ፌሮ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ፌሮው በስሕተት ከታች ቢታሰር ድጋፉ ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል።

በአዲስ አበባ ከኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ወደ ውስጥ በሚያስገቡት የሃያ ሁለት መንገዶች ላይ፣ የቪላ ግቢዎች በረንዳቸው ወደ ውጭ በወጣ ፎቆች በሚተኩበት ሰፈር፣ ገቢር ጥልቀት በብዛት የሚጠፋው በሙሌት ቀን ነው። ፌራዮው በጥቁር ሽቦ አስሮ ያስረከበውን የላይኛውን ፌሮ ባሬላ የተሸከሙት ሠራተኞችና ቫይብሬተር የያዘው ሰው ሲመላለሱ ይረግጡታል፤ ከሥሩ የሚያቆመው ነገር ከሌለ መውረዱ አይቀርም። 40 ሚሊሜትር ቢወርድ 125 የነበረው 85 ሆኖ፣ ሶሌታው በቢሙ አናት ላይ ያለው አቅም ሲሶ ያህል ይቀንሳል። የሲሚንቶውን ከረጢት እየቆጠረ የሚውለው ባለንብረት ግን ይህን ጉድለት በዓይኑ አያየውም፤ ውፍረቱም ሲሚንቶውም አልተነኩምና።

የአውሮፓን ኮድ ተከትሎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ለአቀማመጥ መዛነፍ በሽፋኑ ላይ 10 ሚሊሜትር እንዲጨመር ይመክራል፤ ጭማሪው ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል እንጂ ከመረገጥ አያድነውም። ከመረገጥ የሚያድነው ሌላ ነው፤ ለታችኛው ፌሮ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ስፔሰር፣ ለላይኛው ከፌሮ ቁራጭ ታጥፎ በእግሮቹ የሚቆመውና ቼር የሚባለው መደገፊያ፣ ለሠራተኞቹም ፌሮውን ሳይነካ የሚዘረጋ የጣውላ መረማመጃ ነው። አርማታው ከደረቀ በኋላ ሶሌታውን ሳይቆፍሩ የፌሮውን ከፍታ ለማወቅ በመግነጢስ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ተራ ሜትር ከካሳፎርማው ወለል ላይ አቁሞ፣ በምሳሌው ሶሌታ የላይኛው ፌሮ መሐል 125 ላይ መድረሱን ማየት ይበቃል።